ኮምቦልቻም ደሴም አንድ ድምፅ

ዑዘይር ያቺን ቀይ መኪና ከጅቡቲ ወደብ አውጥቶ ደሴ ያስገባት ዕለት የሆጤ ሰፈር ሰው መጀመሪያ ያየው ሰማዩን ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር። በጥቅምት እንዲህ ያለ ነጎድጓድ ከየት ይመጣል? ሰዉ አንጋጦ ደመና ሲፈልግ፣ ከመታጠፊያው አንዲት ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ስንዝር የቀራት መኪና እያገሳች ብቅ አለች። ዑዘይር ውስጧ ተጋድሟል። ተቀምጧል ለማለት ይከብዳል፤ እንዲህ ያለች መኪና ውስጥ ሰው አይቀመጥም፣ ይተኛል።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ስምንት ዓ.ም. ነው። የደሴ መንገድ ግማሹ ኮብልስቶን፣ ግማሹ «በቅርቡ ኮብልስቶን ይነጠፋል» የተባለለት ጭቃ ነው። እንዲህ ባለ ከተማ የእሽቅድምድም መኪና ማምጣት ምን የሚሉት ጤንነት እንደሆነ እኔ አላውቅም። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሲደርስ መኪናዋን በጎን በጎን እያስኬደ፣ ትንፋሹን ውጦ ነው የሚያሻግራት። እሱ ጉብታውን እስኪሻገር ባጃጆች በግራም በቀኝም እያለፉት ይሄዳሉ። ዑዘይር ግን ቅር አይለውም። ፍጥነት መች ፈለገና! ድምፁ ይበቃዋል።

ድምፁ በቀበሌው የመልካም አስተዳደር ስብሰባ ላይ እንኳ ተነሥቶ ነበር። አዛውንቶቹ ይከልከልልን አሉ። ወጣቶቹ የከተማችን ገጽታ ነው ብለው ተከራከሩ። ሰብሳቢው ጉዳዩ ወደፊት በሰፊው እንዲታይ ብሎ ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረውና በዚያው ቀረ።

ልጁ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። አያቱ ከየመን መጥተው ሆጤ ላይ የጨርቅ ሱቅ ከከፈቱ ወዲህ ቤተሰቡ ጨርቅ ሻጭ ነው። ዑዘይርም በዚያ ነው ያደገው። ዓይኑን ሸፍናችሁ ጨርቅ ስጡት፤ በሁለት ጣቱ አሸት አድርጎ ሐሩን ከፖሊስተር ይለይላችኋል። በጨርቅ ማንም አያታልለውም፤ ስለ ሞተር የሚያውቀው ግን ሲጮህ ደስ እንደሚል ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ጩኸት ደግሞ ለከተማው አልነበረም፤ ለአዚዛ ነው። አዚዛ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር የሚኖሩት የሀጂ ሙሄዲን ልጅ ናት። ኮምቦልቻ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ጠዋት በሚኒባስ ወርዳ ማታ በሚኒባስ ትመለሳለች። ከሁለት ዓመት በፊት ሱቁ ገብታ ሻርፕ ስትመርጥ፣ ዑዘይር አንዱን አንሥቶ «ይሄ ንጹሕ ሐር ነው» አላት። ሻርፑን አገላብጣ አየችና «እስቲ ወላሂ በል» አለችው። አፉን ከፈተ፤ አልወጣውም። ከት ብላ ሳቀችና ሻርፑን ገዝታው ሄደች። ቀልዱን ትተን እውነቱን ስንናገር፣ ዑዘይር ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ እሷ እህል ውሃ አልጣመውም። በቤታቸው በር ሲያልፍ ነዳጅ መስጫውን ረገጥ የሚያደርገው እሱ መሆኑን እንድታውቅ ነው።

እሷ ታውቅ ነበር። ችግሩ አባቷም ያውቁ ነበር።

ሀጂ ሙሄዲን ጤፍና ማሽላ መነገድ ሳይጀምሩ ሃያ ሁለት ዓመት የአሰብን መንገድ በፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና ተመላልሰውበታል። መንገዱ በጦርነቱ ሲዘጋ መኪናዋን ሸጠው እህል በረንዳ ገቡ እንጂ ልባቸው ከመሪው አልተላቀቀም። አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ከሩቅ ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና ሲሰሙ፣ ስንተኛ ማርሽ ላይ እንዳለና ምን ያህል እንደጫነ ይናገራሉ ይባላል። የዑዘይር መኪና ስታልፍ ግን ምንም አይናገሩም። ጆሯቸውን አዘንብለው ይሰሙና ዝም ይላሉ። «አባቴ ሲቆጣ አያስፈራም» ብላዋለች አዚዛ በስልክ፤ «ዝም ሲል ነው።»

በየካቲት ዑዘይር ወግ ባለው መንገድ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹን የመሩት አጎቱ ጋሽ ጀማሉዲን ናቸው። ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸው አዝኖም ተደስቶም አልነበረም፤ ግራ ተጋብቶ ነበር።

«እንዴት ሆነ ጋሼ? እንቢ አሉ?»

«እንቢስ አላሉም።»

«እሺ አሉ?»

«እሺም አላሉም። ‹ልጁን አልጠላሁትም፤ ግን መጀመሪያ ኸመኪናው ጋር መነጋገር አለብኝ› ነው ያሉት።»

«ከመኪናው ጋር?»

«ወላሂ እንዲህ ነው ያሉት። ‹ቅዳሜ ኸኮምቦልቻ ወደ ደሴ ይዞኝ ይውጣ። ቁልቁለት ለማንም ነው፣ ሽቅቡን ያሳየኝ። ቤቴ ስንደርስ መልሴን ለራሱ እነግረዋለሁ› አሉ።»

ዑዘይር አሰበበት፤ ሲያስብም ተሳሳተ። ሰውዬው የሞተር ሰው ናቸው፤ የሞተር ሰው የሚፈልገው ድምፅ ነው፤ ስለዚህ ከሰሙት ሁሉ የበለጠ ድምፅ ላሰማቸው አለ። ረቡዕ ዕለት ሱቁን ዘግቶ ኮምቦልቻ ወረደ።

ኮምቦልቻ ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚነካ ብዙ ሰው አለ፤ የሚያውቀው ግን ያዕቆብ ነው። በሳምንቱ ቀናት የመኪና ሽቦ ይፈታል፤ እሑድ እሑድ በሚያመልክበት ቤተ ክርስቲያን ሚክሰሩ ፊት ተቀምጦ የመዘምራኑን ድምፅ ያስተካክላል። ዝግ ያለ፣ ቃሉን መዝኖ የሚናገር ሰው ነው።

«ያዕቆብ፣ እስከ ቅዳሜ ድምፁን ከፍ አድርግልኝ።»

«የቴፑን?»

«የሞተሩን እንጂ!»

ያዕቆብ የእጅ ባትሪውን አብርቶ ከዳሽቦርዱ ሥር ገባ። ቀጥሎ ከኋላዋ ተንጋለለ። ብዙ ቆየ። ሲወጣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ዑዘይርን በሐዘኔታ አየው።

«ዑዘይር፣ እስቲ ቁጭ በል።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«አይ፣ ቁጭ ብትል ይሻላል።»

ዑዘይር አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

«ቸርች ውስጥ በድምፅ ሳገለግል ስምንት ዓመቴ ነው» አለ ያዕቆብ። «ስፒከር ሳይ አውቃለሁ። ሁለት ስፒከር አለህ። አንዱ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ሌላው ከኋላ ከጭስ ማውጫው አጠገብ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ።»

«የሙዚቃው ነዋ።»

«የሙዚቃዎቹ ሌሎች ናቸው። እነዚህ የሞተሩ ናቸው።» አንድ ሶኬት ነቀለና «አስነሣት» አለው።

ዑዘይር ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ጠበቀ። ደግሞ አዞረ፤ መኪናዋ ጥርሷን አፋጨች።

«አልነሣም አለች!»

«ተነሥታለች፤ አትግደላት።»

ዑዘይር ወርዶ ጆሮውን ኮፈኑ ላይ ለጠፈ። ከውስጥ አንድ ነገር ይሰማል። ሱቁ በረንዳ ላይ የሚሰፋው የጸጋው የልብስ ስፌት መኪና፣ ጸጋው ሳይቸኩል ሲሰፋ የሚሰማውን ይመስላል።

«ፋብሪካው ነው እንዲህ የሠራት» አለ ያዕቆብ። «ነዳጅ እንድትቆጥብ ብለው ሞተሯን አሳነሱት፤ ሰው እንዳይከፋው ደግሞ ድምፅ ጨመሩላት። ስታገሳ የምትሰማው ኮምፒዩተር ነው። በእናንተ ሥራ ብነግርህ፣ ሐር ተብሎ የተሸጠ ፖሊስተር።»

የዑዘይር ወሽመጥ ብጥስ አለ። ሰው ሲሞትበት እንኳ እንዲህ የሆነ አይመስለኝም። አምስት ወር ሙሉ ደረቱን ነፍቶ የዞረው በስፒከር ነው! ቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈረው ስፒከር ነው!

«አሁን ምን ላድርግልህ?» አለ ያዕቆብ። «ከፍ ይላል፣ ቀላል ነው። ጭራሽ ላጥፋውም ካልክ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።»

ሰው የሆነ ሰው ወይ ያንን ወይ ይህን ይላል። ዑዘይር ግን ሁለቱንም ፈለገ። «ከፍ አድርገውና፣ ስፈልግ የማጠፋበት ነገር አድርግልኝ። ቅዳሜን ልለፍና ከዚያ አጠፋዋለሁ።»

«ዑዘይር፣ እኔ ውሸት አልገጥምም።»

«ማብሪያ ማጥፊያ ውሸት ነው እንዴ?»

ያዕቆብ ይህንን ቆም ብሎ አሰበበት። «ማብሪያ ማጥፊያ ውሸት አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ውሸቱ የሚጫነው ጣት ላይ ነው።» ለመኪና የሚሆን ስላጣ፣ ለመኝታ ቤቱ የገዛውን ነጭ የግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያ አምጥቶ ከመሪው ሥር በፕላስተር ለጠፈው። «መስመሩን በቀጥታ ከባትሪው ነው የሳብኩት። ስታቆም መጀመሪያ ይቺን፣ ቀጥሎ ቁልፉን። ካልሆነ ሞተሩ ጠፍቶ እሱ ያገሳል። ሰምተሃል?»

«እሺ፣ እሺ» አለ ዑዘይር። ሰው ሁለት ጊዜ እሺ ሲላችሁ ጆሮ አልሰጣችሁም ማለት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሀጂ ሙሄዲን ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ኮምቦልቻ እህል በረንዳ በር ላይ ቆመው ነበር። መኪናዋ እያጓራች መጣች፤ ተሸካሚዎቹ ኩንታላቸውን ትተው አፋቸውን ከፈቱ። ሀጂ ግን ፊታቸው ላይ ምንም አልተነበበም። በሩ ሲከፈትላቸው ጎንበስ ብለው ውስጡን አዩ።

«ሱብሐነላህ! ቀብርም እንዲህ አይጠብ!»

በመጀመሪያ አንድ እግር፣ ቀጥሎ ወገብ፣ በመጨረሻ ከዘራ እየተባለ በሦስት ሰው እርዳታ ገቡ። እንደተቀመጡ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁና ከጎናቸው ሸጎጡት።

«ሀጂ፣ ጫማዎን አያውልቁ እንጂ፣ መኪና ነው እኮ።»

«ምንጣፍ አለው አይደል እንዴ?» አሉ በእርጋታ፣ እግራቸውን ወለሉ ላይ ዘርግተው።

የዑዘይር አንጀት ቅቤ ጠጣ። መኪናዬን እንደ መስጊድ አከበሯት አለ በልቡ። ሀጂ ሲገቡ አጥፍቷት የነበረችውን ነጭ ማብሪያ በስውር መልሶ ጫን አደረጋት፤ ኮምቦልቻ ተንቀጠቀጠች።

የአየር ማረፊያውን መገንጠያ አልፈው ዳገቱን ያዙት። ዑዘይር ነዳጅ መስጫውን በረገጠ ቁጥር ስፒከሩ ይጮኻል፤ የመንገድ ዳር ዶሮዎች ይበተናሉ። ሀጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። አልፎ አልፎ የእግራቸው ጣቶች ወለሉን ቆንጠጥ፣ ለቀቅ ያደርጋሉ። ዑዘይር ይህን አየና ብርድ ነው ብሎ ማሞቂያ ከፈተላቸው።

ሐረጎ ላይ፣ ዳገቱ የባሰ ቀጥ በሚልበት ቦታ፣ ሀጂ ዓይናቸውን ገለጡ። «አቁም» አሉ። «ዳር ያዝና አጥፋት። የምጠይቅህ ነገር አለ።»

ዑዘይር የሚጠይቁት ስለ አዚዛ መሰለው። ዳር ያዘ፣ እጅ ፍሬን ሳበ፣ ቁልፉን አዞረና ነቀለ።

መኪናዋ ማግሳቷን ቀጠለች።

ሀጂ እጃቸውን ዘረጉ። ዑዘይር ምን ያድርግ፣ ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠላቸው። ሀጂ ቁልፉን አገላብጠው አዩት። ከዚያ መኪናዋን አዩ። መኪናዋ ከቅድሙም ብሳ ታጓራለች።

«ቁልፉ እኔ እጅ ነው ያለው» አሉ።

«ማ... ማቀዝቀዣው ነው፣ ሀጂ።»

«ማቀዝቀዣ ያገሳል?»

«አዲሱ ያገሳል።»

ሀጂ ወደ እሱ ዞሩ። የአዚዛ ዓይን ከማን እንደመጣ ዑዘይር ያን ጊዜ ነው ያየው። «ይሄ የሞተርህ ድምፅ ነው? ወላሂ በል።»

አፉን ከፈተ። ያቺ የሻርፑ ቀን እንደገና መጣችበት። አንድ ቃል ናት፤ ብላት ምናልባት አዚዛን ያገኝ ይሆናል። አልወጣችም። በዚህ ፈንታ ከመሪው ሥር ገብቶ ነጩን ማብሪያ ማጥፊያ ከነፕላስተሩ፣ ከነሽቦው ጎትቶ ነቀለው። ግሣቱ መሃል ላይ ተቆረጠ። ከታች ዳገቱን የሚገፋ አይሱዙ ብቻ ሲያቃስት ይሰማል።

«ስፒከር ነው» አለ ዑዘይር፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። «ሞተሯ ትንሽ ናት። ዝም ያለች ናት። ሊያፍሩብኝ ነው ብዬ ነው።»

ሀጂ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። አዚዛ እውነቷን ነበር፤ የሚያስፈራው ይሄ ነው።

«ኮምቦልቻ አየሩ ወፍራም ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ውጭ ውጭውን እያዩ። «ሞተር ይጠግባል። እዚህ ሲደርስ ይርበዋል፣ ያጉረመርማል። የኔዋ ኤንትሬ እዚች ቦታ ስትደርስ እንደ ምራት ነበር የምታማርረው። ያንተዋን ስሰማት ግን ኮምቦልቻም ደሴም አንድ ድምፅ! በጥር ብርድ እንኳ አያስላትም! ወይ መልአክ ናት፣ ወይ ውሸታም ናት አልኩ። ጆሮዬን እንዳላምነው ደግሞ የግራው አሰብ መንገድ ላይ ቀርቷል።» ባዶ እግራቸውን አንሥተው አሳዩት። «እግሬ ግን አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ሞተር የሰማሁት በእግሬ ነው። ጆሮዬ አንበሳ ሲል፣ እግሬ ድመት ይለኛል።»

ዑዘይር ጫማቸውን አየ፤ እግራቸውን አየ፤ የከፈተውን ማሞቂያ አየ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ረቡዕ።»

«ኸረቡዕ በፊትስ?»

«እውነት መስሎኝ ነበር።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ!» አለ ዑዘይር። ይቺኛዋ ሳትጎተት ወጣች።

የሀጂ ጢም ተነቃነቀ። «እንግዲያ ኸረቡዕ በፊት ሞኝ ነበርክ። ሞኝ ምንም አይል፤ ሞኝ ይታገሡታል። የከፋው ኸረቡዕ ወዲህ ያለው ነው። አስነሣት፣ እንሂድ።»

ቁልፉን መለሱለት። መኪናዋ በእውነተኛ ድምፅዋ ተነሣች፤ ማለትም መነሣቷን ሀጂ በእግራቸው አረጋገጡና «ተነሥታለች» አሉት። ዳገቱን ግን ምንም ሳትሳቀቅ ወጣችው። ሀጂ ሁለት ጊዜ «አትናቅም» ሲሉ ተሰሙ።

ቧንቧ ውሃ መግቢያ ላይ ሲደርሱ ከሩቅ ሰው ተሰብስቦ ታየ። የሀጂን ፈተና ያልሰማ አልነበረም፤ የባጃጅ ሹፌሩ፣ ሥራ ፈቱ፣ ሱቅ ጠባቂው ሁሉ ነጎድጓዱን ለመስማት መንገድ ዳር ቆሟል።

«ይጠብቁሃል» አሉ ሀጂ። «ኸፈለግህ መልሰህ ሰካት። እኔ ለማንም አልናገርም፤ አብሽር።»

ዑዘይር ነጩን ማብሪያ ማጥፊያ ከጭኑ ላይ አነሣ። ሁለቱን ሽቦ ለማገናኘት አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ሰዉን አየ። ነገ ሱቁ በር ላይ ቆሞ የሚሰማውን ሳቅ ከአሁኑ ሰማው። ከዚያ ያቺን ነገር ሀጂ መዳፍ ላይ አስቀመጣትና መሪውን ያዘ።

በሰዉ መካከል ሲያልፉ ግማሹ ዞሮም አላያቸውም። ፈንታሁን የሚባለው ምላሰኛ የባጃጅ ሹፌር ግን አየ። «ዑዘይር! ምነው፣ ነዳጅ አልቆብህ በዱዓ ነው የምትሄደው?» ሰዉ አውካካ።

ዑዘይር ቆመ። መስኮቱን አወረደ። «አልተበላሸችም፣ ፈንታሁን። ድሮም እንዲህ ናት። ያኛው ስፒከር ነበር።»

ቧንቧ ውሃ በሳቅ ተናጋ። አንዱ ሆዱን ይዞ ኮብልስቶኑ ላይ ቁጭ አለ። ፈንታሁን ባጃጁን አስነሥቶ ሁለት ጊዜ አስጓራና «ይሄ ንጹሕ ነው፣ ወላሂ!» ብሎ ቀድሟቸው ሄደ። ዑዘይር ጆሮው እስኪግል ቀላ፤ ቢሆንም አልሞተም። ሀጂ ከጎኑ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ወደ ውጭ ያያሉ።

አዚዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ፊቷ ዑዘይር ዘወትር ወደሚመጣበት የላይኛው መንገድ፣ ጆሮዋ ነጎድጓዱን እየጠበቀ። ከጀርባዋ መጥተው ሲቆሙ አልሰማችም። በሩ ሲከፈት ነው ደንግጣ የዞረችው።

«በስመአብ... አስተግፊሩላህ!» አለች፤ ከድንጋጤዋ የጎረቤቱን ከራሷ ቀላቅላ። «መቼ ደረሳችሁ?»

ሀጂ በከዘራቸው ተደግፈው ወጡ፤ ጀለቢያቸውን አራገፉ፤ በቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ ወደ በሩ ተራመዱ።

«አባባ! ጫማዎስ?»

ዑዘይር ተንደርድሮ ወጣና ጫማውን ከመኪናው አንሥቶ ተከተላቸው። «ሀጂ፣ ጫማዎን ረሱት!»

ሀጂ ዞሩ። «ማን ረሳው?» አሉ። «ይሄ ባንተ እጅ የሚመጣ ነገር ነው እንዴ? አርብ፣ ኸጁምዓ ሰላት በኋላ፣ ጀማሉዲን ሽማግሌዎቹን ይዞ ሲመጣ ይዞልኝ ይምጣ።» ነጩን ማብሪያ ማጥፊያ ኪሳቸው ከተቱ። «ይቺን ግን አልመልስም። ለመኝታ ቤቴ ትሆነኛለች።» ብለው በባዶ እግራቸው ገቡ።

ዑዘይር ጫማውን በሁለት እጁ እንደታቀፈ ቆሞ ቀረ። አዚዛ ጫማውን አየች፣ እሱን አየች፤ ነገሩ የገባት ቀስ ብሎ ነው። ሲገባት ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ፣ እንደዚያ ሱቅ እንደገባችበት ቀን ሳቀች። ከኋላቸው የመኪናዋ ሞተር ገና አልጠፋም ነበር፤ ሁለቱም አልሰሙትም።